የእግር መንገድ ስትሠሩ፦ ቅየሳው በሐምሌ፣ ቁፋሮው በጥቅምት

በሚያዝያ የተሠራ የእግር መንገድ በሚያዝያ ሁሌም ያምራል። ደረቅ ነው፣ ተጠርጓል፣ ጠርዙ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ፎቶም ይነሱበታል። ፈተናው ሐምሌ ላይ ነው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ ወይ መንገድ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ ቦይ ይሆናል። በጣና ዙሪያ ቦይ የሆኑትን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ይህን የምጽፈው ማሽን ለሌላቸው ሰዎች ነው። ለአስጎብኚ ማኅበራት፣ ለሎጅ ባለቤቶች፣ ለቀበሌ ወጣቶች፣ ወደ ደብራቸው የሚያወጣውን ዳገት ማቃናት ለሚፈልጉ ምእመናን። ዶማ፣ አካፋ፣ ዲጂኖና ባሬላ ካላችሁ ይበቃል። ሲሚንቶ እንዳልጠቀስኩ ልብ በሉ።

መጀመሪያ ትንሽ ሒሳብ። ባህር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ስፋትና መቶ ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ፣ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በወረደበት አንድ ከሰዓት፣ 3,000 ሊትር ውሃ ያርፍበታል። 15 በርሜል! ይህ እንግዲህ ራሱ ላይ የወረደው ብቻ ነው። ከላይ ከማሳው፣ ከግጦሹ፣ ከቆርቆሮው እየወረደ የሚመጣው አልተቆጠረም።

ውሃ ደግሞ ሲሮጥ ክፉ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ልታስቆሙት አትችሉም፤ አትሞክሩ። የእናንተ ሥራ ፍጥነት ሳያገኝ፣ በስሱ እንደተበተነ፣ መንገዱን አቋርጦ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ቀሪው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

ቅየሳው በዝናብ

መንገዱ የት እንደሚያልፍ የሚወሰነው ክረምት ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ እየጣለ፣ ቦት ጫማችሁን አጥልቃችሁና ጃንጥላችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሰው ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ። በበጋ የሚቀይስ ሰው የሚያየው መሬቱን ብቻ ነው። ክረምት ላይ ግን ውሃው ከየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚጠራቀም፣ በየት በኩል እንደሚወጣ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ውሃ የተኛበት ቦታ ላይ ካስማ ትከሉ። ከመሬት ውስጥ የሚመነጭበት ቦታ ላይ ሌላ ካስማ ትከሉ፣ ቀይ ጨርቅም እሰሩበት። በበጋ ስትመለሱ ምንጩ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ካስማው ግን ይነግራችኋል።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ ሣሩን እዩት። ጎርፍ ያለፈበት ሣር ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል፤ ጭራሮና ቅጠል በቁጥቋጦው እግር ላይ ተሰብስቧል። ይህ ምልክት ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱት።

ከዚያ አንድ የአካባቢውን አዛውንት ጠይቁ። «አያ፣ ይቺ ቦታ ክረምት ላይ እንዴት ናት?» በሉ። «እዚህማ በነሐሴ በሬ ይሰጥማል፤ እኛ በዚያ በዋንዛው በኩል ነው የምንዞር» ካሏችሁ፣ በቃ፣ የቅየሳው ግማሽ አለቀ። ሰው ለዘመናት ሲዞርበት የኖረው ቦታ ያለ ምክንያት አይዞርበትም።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ገበሬው ማሳው ውስጥ ውሃ እንዳይተኛበት በሰያፍ ፈሰስ ያወጣል። ያ ፈሰስ የሆነ ቦታ ላይ ይደፋል። የሚደፋው እናንተ መንገድ ያሰባችሁበት ቦታ ላይ ከሆነ መንገዳችሁ የማሳው ቦይ ይሆናል ማለት ነው። ከገበሬው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ቡናም ጠጡ። ፈሰሱን ወደ ጎን ማዞር የሁለት ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በየዓመቱ የታጠበ መንገድ መጠገን ግን ማለቂያ የለውም።

ፈቃድ ደግሞ አለ። የጣና ሐይቅና ዙሪያው ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ብዙው ደን ደግሞ የገዳማት ነው። ቀበሌውንም አባቶችንም ሳታናግሩ ዶማ አታንሱ።

አፈሩን በእጃችሁ እወቁት

ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ አፈር አንሱ፣ ጠብታ ውሃ ጨምሩና እሹት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየጨመቃችሁ ጥብጣብ አውጡ። ጥብጣቡ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ ከተቆረጠ አፈሩ አሸዋና ደለል ይበዛዋል። ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሳይበጠስ ከረዘመ ደግሞ ሸክላ ነው። በዚህ መካከል ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ለመንገድ የሚመቸው እሱ ነው።

የበለጠ ማወቅ የፈለገ የሀይላንድ ፕላስቲክ ይውሰድ። ሲሶውን አፈር፣ ቀሪውን ውሃ፣ ቁንጥር ኦሞ ጨምሮ በደንብ ይናጠው፣ ከዚያም ያስቀምጠው። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ገደማ ይዘቅጣል። ደለሉ ሰዓታት ይፈልጋል። ሸክላው አንድ ቀንም ከዚያ በላይም ሊቆይ ይችላል። በማግስቱ ንብብሩን በማስመሪያ ለኩት። ከየመቶ ሜትሩ አንድ ናሙና ብትወስዱ መንገዱ የት ላይ እንደሚያስቸግራችሁ ዶማ ሳታነሱ ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋልካው፣ ማለትም ወደ ጥቁሩ ሸክላ አፈር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ብቻ ሳይሆን በባህር ዳር ዙሪያም ዝቅ ያለው ሜዳ ላይ የምታገኙት እሱን ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር የሸክላ ዓይነት አለው። በግንቦት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታያላችሁ። የሰኔ የመጀመሪያ ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ አፈሩ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የወረደው ውሃ መግቢያ አጥቶ ላዩ ላይ ይተኛል። ጫማችሁ ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ድንጋይ ብትደረድሩበት ክረምት ሲመጣ ይውጠዋል፣ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ብትጨምሩ እሱንም ይውጠዋል። መሬቱ በየዓመቱ ስለሚነሳና ስለሚወርድ እላዩ ላይ የገነባችሁት ሁሉ ይሰነጠቃል።

ምክሬ አጭር ነው፤ ከዋልካ ሽሹ። መንገዱ 300 ሜትር ቢረዝምም ዙሩት። ምርጫ ከሌላችሁ ብቻ ወደ ሙሌት ሂዱ፤ እሱን ሐይቁ ዳር ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ቀይ አፈር ሌላ ባሕርይ አለው። ሸክላው ብዙ ቢሆንም በትናንሽ ፍርፋሪ የተያያዘ ስለሆነ ውሃ ያስገባል፣ ጥሩ ሆኖም ይጠቀጠቃል። የእግር መንገድ ይወዳል። ችግሩ ከላይ ያለው ቅጠልና ሥር ከተገፈፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ሲረጥብ ያዳልጣል፣ ፍርፋሪውም ይታጠባል። ዘጌን አስቡ። በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር የሆነበት፣ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት ቦታ ነው። መሬቱን የያዘው ያ ቅጠልና ሥር ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ መንገድ ስታወጡ ስፋቱን አንድ ሜትር ላይ አቁሙ፤ ከዚያ በላይ ያለው ቅጠል አይነካ። የምታነሱት የመራመጃውን ቅጠልና ብስባሽ ብቻ ነው፣ እስከ ንጹሕ አፈሩ ድረስ። ብስባሽ ላይ የተሠራ መንገድ ውሃ ይይዛልና ወደ ማጥ ይቀየራል።

በነገራችን ላይ፣ ከሐይቁ የወጣ እምቦጭ ለሙሌት ይሆናል ብሎ የሚያስብ ካለ፣ አይሆንም። ይበሰብስና ጉድጓድ ይተውላችኋል።

ዳገቱን ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ

ዓይን ዳገትን ይዋሻል፣ በተለይ ሲደክማችሁ። ስለዚህ መለኪያ ሥሩ። ሦስት ቀጫጭን የባህር ዛፍ እንጨት፣ ሲባጎና ቱንቢ ይበቃል። ቱንቢ ከሌለ ድንጋይ እሰሩ። ሁለቱን እንጨት ከላይ አጋጥማችሁ እሰሩ፣ እግሮቻቸው በትክክል ሁለት ሜትር ይራራቁ፣ ሦስተኛውን መሐል ላይ አግድም እሰሩት። ሲባጎውን ከአናቱ አንጠልጥሉ። አሁን መሬት ላይ አቁሙት፣ ሲባጎው አግዳሚውን የነካበት ላይ ምልክት አድርጉ። እግሮቹን አቀያይራችሁ በዚያው ቦታ አቁሙና እንደገና ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መሐል ትክክለኛው ልክ ነው። በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ላይ የሠራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ባለ ውሃ ልክ ሲባጎውም ያው ነው።

ቁልቁለቱን ለማወቅ መሣሪያውን አንዱ እግር ከላይ፣ ሌላው በቀጥታ ከታች እንዲሆን አቁሙት። የታችኛውን እግር ሲባጎው መሐል ላይ እስኪመጣ ድረስ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ በእግሩና በመሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዳገቱ 30 በመቶ ነው፤ 60ን ለ200 ማካፈል ነው። መቶ በመቶ ማለት 45 ዲግሪ መሆኑን አትርሱ፤ ቀጥ ያለ ገደል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

ዋናው ሕግ እዚህ ጋ ነው። መንገዱ የሚወጣበት ዳገት መሬቱ ካለው ቁልቁለት ግማሽ አይብለጥ። መሬቱ 16 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ8 በመቶ አይበልጥም። ለምን ቢባል፣ ከግማሽ በላይ ሲሆን ውሃው መንገዱን ከማቋረጥ ይልቅ መንገዱን ይዞ መሮጥ ይቀለዋል። ከዚህም በተጨማሪ በአማካይ ከ10 በመቶ አትለፉ፣ መሬቱ የቱንም ያህል ቁልቁል ቢሆን። 40 ሜትር ከፍታ መውጣት ከፈለጋችሁ 400 ሜትር መንገድ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። አዎ፣ ረጅም ነው። አጭሩን መንገድ ቀድሞ የሠራው ጎርፍ ነው፣ ሄዳችሁ ብታዩት ወገብ ያደርሳል።

ይህን ዳገት መሬት ላይ ለማስመር ከኋላ በሚቀረው እግር ሥር 20 ሴንቲ ሜትር እንጨት እሰሩና ወደ ላይ ተራመዱ፤ ሲባጎው መሐል ሲሆን 10 በመቶ እየወጣችሁ ነው። 10 ሴንቲ ሜትር ብታስሩ 5 በመቶ ነው። በየእርምጃው ካስማ።

የሜዳውን ነገር ሰው ይሳሳታል። ሜዳ ለመንገድ ቀላል ይመስላል፤ ግን ውሃው የሚሄድበት ስለሌለው ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ምርጫ ካላችሁ ከሜዳው ይልቅ የተረተሩን ጎን ምረጡ።

ቁፋሮው

ጎን ላይ መንገድ ስትቆፍሩ መራመጃው በሙሉ በተቆረጠው፣ ባልተነካው መሬት ላይ ይረፍ። ግማሹን ቆርጦ በወጣው አፈር ግማሹን መሙላት ሥራ ይቀንሳል፤ ችግሩ የተሞላው ግማሽ ክረምት ላይ ጥሎ መሄዱ ነው። የወጣውን አፈር ከመንገዱ በታች ራቅ አድርጋችሁ በትኑት። ከላይኛው ጠርዝ አትከምሩት፣ ተጨማሪ ሸክም ነው።

ከመራመጃው በላይ የቀረውን የተቆረጠ ግድግዳ ቀጥ አድርጋችሁ አትተዉት። ልል አፈር ከሆነ ወደ 45 ዲግሪ አስተኙት። ጠንካራ ቀይ አፈር ትንሽ ቀና ብሎ ይቆማል።

መራመጃው ራሱ ወደ ውጭ፣ ወደ ቁልቁለቱ በኩል 5 በመቶ ያዘንብል። በአንድ ሜትር ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በእግር አይታወቅም፣ ውሃው ግን ያውቀዋል። ለመፈተሽ ግማሽ ሀይላንድ ውሃ በላይኛው ጠርዝ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ሁለት ሦስት እርምጃ ሳይሄድ በታችኛው ጠርዝ ከወረደ ሠርታችኋል። መንገዱን ይዞ ከሄደ፣ ወይም መሐል ከተኛ፣ ዶማውን አንሱ።

እዚህ ጋ የእርከን ሥራ የለመደ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። እርከን ውሃን ለመያዝ ነው የሚሠራው፤ ውሃው ቆሞ ወደ መሬት እንዲሰርግ። ስለዚህ መንገዱንም ወደ ውስጥ ያዘነብለውና ከላይ በኩል ቦይ ያወጣለታል፣ ቦዩ ውስጥ ውሃ ይተኛል፣ ውሃው ከመራመጃው ሥር ይሰርጋል፣ ከዚያ አንድ ቀን መንገዱ ከነአፈሩ ወደ ታች ይንሸራተታል። ለማሳው ጽድቅ የሆነው ለመንገዱ ኃጢአት ነው። የውስጥ ቦይ የግድ ከሆነ፣ ለምሳሌ ምንጭ ካለ፣ በድንጋይ አንጥፉትና በአጭር ርቀት ላይ በመንገዱ ሥር አሻግራችሁ አውጡት።

ማዘንበሉ ግን ብቻውን አይበቃም። ሰውና አህያ ሲመላለስበት መራመጃው መሐሉ ይጎደጉዳል፣ ጠርዙ ላይ አፈር ይከመራል፣ ውሃው መውጫ ያጣል። ስለዚህ በየ10 እና 15 ሜትሩ መንገዱን ለጥቂት እርምጃ ወደ ታች መልሱት፣ ከዚያ እንደገና ውጡ። ይህ ዝቅታ ረጋ ያለና ረዘም ያለ ይሁን፣ ሦስት አራት ሜትር። ተራማጁ አይሰማውም። ውሃው ግን እዚያ ሲደርስ ዳገት መውጣት ስለማይችል ወደ ውጭ ይወጣል። ቁልቁለቱ የበዛበት፣ አፈሩ ልል የሆነበት ቦታ ላይ አቀራርቧቸው። በእንጨት አግድም የሚሠራውን ማገጃ ብዙ አልወደውም፤ በአንድ ክረምት በደለል ይሞላል፣ ሰውም እንዳያደናቅፈው በጎኑ ያልፍና ሌላ መንገድ ያወጣል። ቀድሞ የተሠራ መንገድ ስትጠግኑ ብቻ ተጠቀሙበት፣ ቀጥ ብሎ ሳይሆን በሰያፍ።

ካብ ካስፈለጋችሁ ጥቁር ድንጋይ በአካባቢው ሞልቷል። መሠረቱን ቆፍራችሁ ጠንካራ መሬት ላይ አስቀምጡ። የታችኛው ውፍረት ቢያንስ የቁመቱን ግማሽ ያህል ይሁን። ካቡ ወደ ዳገቱ ጋደል ይበል። የድንጋዩን ረጅም ወገን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ለዓይን እንዲያምር ረጅሙን ወደ ፊት የሚያደርግ ግንበኛ ካያችሁ አስቁሙት። መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አይውደቅ። ከጀርባው በጠጠር ሙሉት እንጂ በአፈር አትሙሉት። ሲሚንቶ የማልወደው እዚህ ጋ ነው። ደረቅ ካብ ውሃውን በየቀዳዳው ያሳልፋል፤ በሲሚንቶ የተደፈነው ግን ውሃ መውጫ ካልተተወለት ከጀርባው ውሃ ይይዛል፣ ያብጣል፣ ይወድቃል። ከአንድ ሜትር በላይ የሚቆም ካብ ከሆነ ግን መሐንዲስ አማክሩ።

ሐይቁ ዳር

ጣና በዓመት ውስጥ ይወጣል ይወርዳል። ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። አንድ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ዳሩ ግን ገበታ በሆነበት ቦታ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማለት ወደ ጎን በጣም ሩቅ ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ውሃው ሲሸሽ ተከትለው የሚዘሩ ገበሬዎች ያሉት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ጋ የጨራጨራው የውሃ መቆጣጠሪያም ስላለ የሐይቁ ከፍታ በዝናቡ ብቻ አይወሰንም። ስለዚህ የዳር መንገድ የሚቀየሰው በመስከረም መጨረሻ ነው። ውሃው የደረሰበትን የጭራሮ መስመር ፈልጉና ከእሱ በላይ ከፍ በሉ።

ደንገሉን አትቁረጡ። ለእይታ ብላችሁ የቆረጣችሁት ደንገል ማዕበሉን ሲሰብር የኖረ ነው፤ እሱ ሲሄድ ዳሩ መሸርሸር ይጀምራል።

ሜዳውን ማለፍ የግድ ከሆነ መንገዱን ከመሬቱ ከፍ አድርጉት። የታች ትልልቅ ድንጋይ፣ በላዩ አነስ ያለ፣ በመጨረሻ ገረጋንቲ፤ በየ10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትሩ እያረጠባችሁ ጠቅጥቁት። በአጠቃላይ ከዙሪያው 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ መሐሉ ትንሽ ጎበጥ ይበል። ሥሩ ዋልካ ከሆነ ድንጋዩ ከመቀመጡ በፊት ጂኦቴክስታይል የሚባለውን ውሃ የሚያሳልፍ ጠንካራ ጨርቅ ብታነጥፉ ድንጋዩ በጭቃው አይዋጥም። ይህን ያህል ሙሌት ደግሞ ራሱ ግድብ ይሆናል፤ ውሃው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚያልፍበት ቱቦ ወይም ድንጋይ ብቻ የሞላበት ክፍተት በየቦታው ተዉ። አለበለዚያ ጎረቤታችሁ ማሳ ውስጥ ኩሬ ትሠራላችሁ፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌ ነው።

ናዳ

ደረቅ አፈር በፍትጊያ ይያያዛል። ውሃ ሲገባበት ሁለት ነገር ይሆናል፤ ክብደቱ ይጨምራል፣ በቅንጣቶቹ መካከል የገባው ውሃ ደግሞ እየገፋ ያላቅቃቸዋል። ዳገቱ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ በነሐሴ የሚወርደው ለዚህ ነው። እናንተ ደግሞ መንገድ ስትቆርጡ የዳገቱን እግር ትቆርጣላችሁ። እግሩ የተቆረጠ ዳገት ምን እንደሚሆን መናገር አያሻም።

ከመቆፈራችሁ በፊት እነዚህን ፈልጉ። ከላይ፣ በዳገቱ አናት በኩል፣ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ። ግንዳቸው ከሥሩ የጎበጠ ወይም ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ዛፎች። ከታች ያበጠ መሬት። ዙሪያው ሲደርቅ ብቻውን ለምለም የሆነ ሣር፤ እዚያ ሥር ውሃ አለ። ከእነዚህ ሁለቱን አንድ ላይ ካያችሁ መስመሩን ቀይሩ። ስንጥቁ ካለ ግራና ቀኙ ላይ ካስማ ትከሉና ርቀቱን በየሳምንቱ ለኩ። እየሰፋ ከሆነ ማንም በዚያ አይለፍ፣ ባለሙያም ይጠራ። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት ሳይንስም የሲቪል ምሕንድስናም ሰዎች አሉት፤ ሄዶ መጠየቅ አያስከፍልም።

የጢስ ዓባይን ዳገት ለየት የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። ፏፏቴው ሲሞላ የሚረጨው ጢስ ዝናብ በሌለበት ቀንም ትይዩውን ያረጥበዋል። እንዲህ ያለ ቦታ የሚደርቅበት ጊዜ ስለሌለው ዳገቱን ቀንሱ፣ ዝቅታዎቹን አብዙ፣ በጣም ቁልቁል የሆነው ላይ ደግሞ የድንጋይ ደረጃ ሥሩ። የደረጃው ድንጋይ አብዛኛው መሬት ውስጥ ይግባ። የሚነቃነቅ ደረጃ ደረጃ ከሌለው ይብሳል።

ዛፍ ስትቆርጡ አስቡበት። ግንዱ በተቆረጠ ቀን ዳገቱ አይወርድም። ሥሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይበሰብሳል፣ ያኔ ይወርዳል፤ ሰውም «ምን መጣብን?» ይላል። ጠርዝ ለመያዝ ቬቲቨር ሣር የሚያህል የለም። ሥሩ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች ሜትሮች ይወርዳል። ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ መሬቱ ሲረጥብ፣ በ10 እና 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት በአንድ መስመር ትከሉት። ለመራመጃው ጎንና ጎን ሰርዶ ይበቃል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል። ከባድ ዝናብ ተከትሎ በወረደው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሄዱ ነበሩ፤ ሁለተኛው እነሱን አገኛቸው። መንገዳችሁ ላይ ትንሽ ናዳ ቢወርድ፣ ዝናቡ ገና እየጣለ አካፋ ይዛችሁ አትሩጡ። ቁሙ፣ ከላይ ያለውን እዩ፣ መንገዱን ዝጉ፣ ሲጠነክር ተመለሱ።

መቼ ይቆፈር?

በመጋቢት አፈሩ ደንጊያ ነው። ዲጂኖ ይሰብራል፣ የተጠቀጠቀውም አይያያዝም፣ አቧራ ነው። በነሐሴ ጭቃ ነው። ትክክለኛው ጊዜ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ውሃው ወርዷል፣ አፈሩ ግን እርጥበቱን አልጨረሰም። ጨብጣችሁ ሞክሩት። እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ከያዘ፣ ስትጥሉት ሁለት ሦስት ቦታ ከተሰበረ፣ መዳፋችሁን ካላረጠበ፣ ቆፍሩ፣ ጠቅጥቁ። ኅዳር ላይ አዝመራ ስለሚደርስ ሰው ማግኘት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ጥቅምትን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ድንጋይ ማጓጓዙንና ካቡን ወደ ጥርና የካቲት አሻግሩት።

ከዚያ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ግንቦት ላይ የዝቅታዎቹን መውጫ ክፈቱ፣ ደለሉን ጥረጉ። መስከረም ላይ ጠርዙ ላይ የተከመረውን አፈር ገፍታችሁ ጣሉ።

ሰው አቋራጭ አውጥቶ ከሆነ ደግሞ በእሾህ ከማጠራችሁ በፊት ለምን እንዳወጣ እዩ። እንስራ የተሸከመች ሴት ያለ ምክንያት ዳገት በቀጥታ አትወጣም፤ ምናልባት መጠምዘዣችሁ አላስፈላጊ ሩቅ ሄዷል፣ ወይም እዚያ ጋ ጭቃ አለ። ጭቃውን አንሱ፣ መጠምዘዣውን ከዛፍ ወይም ከትልቅ ድንጋይ ኋላ አድርጉት፤ አቋራጩ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። የተተወው አቋራጭ ቦይ ከሆነ በአፈር አትሙሉት፣ ታጥቦ ይሄዳል። በየሁለት ሦስት ሜትሩ ድንጋይ አግድሙበት፣ ከላይ የሚገባበትን ውሃ ወደ ጎን አዙሩ፣ በላዩ ጭራሮ በትኑበት። ሣሩ ሲይዝ እሾሁን ማንሳት ትችላላችሁ።